የሻከረና የተላጠ ነጭ ካታሊና፦ የ1፡72 በራሪ ጀልባ እንዴት ይድናል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ዘመድ ከውጭ የላከልኝን የ1፡72 (ከእውነተኛዋ 72 ጊዜ ያነሰ) የፕላስቲክ ሞዴል እየገጣጠምኩ ነው፤ ፒቢዋይ-5ኤ ካታሊና የምትባለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ በራሪ ጀልባ ናት። ቀፎውን ገጠምኩ፣ የጎን መስታወቶቹን በሱፐር ግሉ ለጠፍኩ፣ ሆዱንና ጎኑን በኤርብራሽ (ቀለም በአየር ግፊት በሚረጭ መሣሪያ) ነጭ ቀባሁ። ነጩ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻከረ። ለላይኛው ግራጫ የለጠፍኩትን ስኮች ሳነሳ ደግሞ ነጩ አብሮ ተላጠ። መስታወቶቹ ጉም ለበሱ። ክንፉን ገና አልገጠምኩም። ልጣለው ወይስ ይድናል? ሐሳቤ ሲያልቅ ውሃ ላይ ተኝታ እንድትታይ ነበር።»

ወንድሜ፣ አትጣለው፤ ይድናል። ክንፉን አለመግጠምህ ደግሞ ግማሹን ሥራ አቅልሎልሃል። ወደ ቀለሙ ከመሄዳችን በፊት ግን መጨረሻ ላይ የጻፍካት ነገር ትቅደም። «ውሃ ላይ ተኝታ» ያልከው የማሳያ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ምን እንደሚለጠፍ፣ ምን እንደሚደፈን፣ የቱ ቀለም የት እንደሚያልቅ የሚወስነው እሱ ነው። በራሪ ጀልባ ሆዷ ራሱ ጀልባ ነው። የት እንደምትቀመጥ ሳይቆረጥ የተጀመረ ሥራ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ይፈርሳል።

የያዝከው 5ኤ ጎማ ያለው ዓይነት ነው። ከሱ የቀደመው ፒቢዋይ-5 የራሱ ጎማ አልነበረውም፤ ወደ የብስ የሚወጣው ሰዎች ውሃ ውስጥ ገብተው ተነቃይ ጎማ ሲያስሩለት ነበር። ያንተዋ ውሃ ላይ የምትተኛ ከሆነ ሁለቱ ዋና ጎማዎች በቀፎው ጎንና ጎን ባለው ጉድጓድ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ የጎማው ፊት ከውጭ ይታያል። የአፍንጫው ጎማ በር ይዘጋል። በክንፉ ጫፎች ያሉት ተንሳፋፊዎች ወደ ታች ይዘረጋሉ። ስትበር እነሱ ወደ ላይ ታጥፈው የክንፍ ጫፍ ይሆናሉ፤ የብስ ላይ ስትቆምም አብዛኛውን ጊዜ እንደታጠፉ ናቸው። ጎማ ዘርግታ ውሃ ላይ የምትታየው በመወጣጫው ወደ የብስ ስትወጣ ወይም ከዚያ ስትወርድ ነው። የአፍንጫው በር ቁራጭ ክፍት ሆኖ እንዲለጠፍ የተቀረጸ ከሆነ ሲዘጋ በትክክል አይገጥምም፤ ጠርዙን በ400 ብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ጥቂት እየሞረድክ አስገባውና ዙሪያውን ድፈን።

ውሃ ላይ መተኛቷ አንድ ራስ ምታት ያስቀርልሃል፤ የአፍንጫ ክብደት አያስፈልግህም። ሐሳብህን ቀይረህ በጎማ ልታቆማት ካሰብክ ግን ከዋናዎቹ ጎማዎች ፊት ክብደት ካልገባ በጭራዋ ትቀመጣለች። መጠኑ በግምት አይደረግም፤ ክንፍና ሞተሩን በስኮች ለጊዜው አስረህ፣ ሞዴሉን በዋና ጎማዎቹ ቦታ በሁለት የመጻፊያ እርሳስ ላይ ደግፈህ፣ አፍንጫው ላይ ሳንቲም እየደረደርክ ወደፊት ሲያዘነብል አቁም፤ ከዚያ አንድ አምስተኛ ጨምርበት። ጣና ዳር የመረብ ማጥለቂያ እርሳስ (ከባዱ ብረት) በቀላሉ ይገኛል፣ ለዚህ ሥራም ይሆናል። በኮላ ግን እንዳትለጥፈው። እርሳስ ከነጭ ኮላ ጋር ተዘግቶ ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ዱቄት ይለወጣል፣ ያብጣል፣ ከዓመታት በኋላ ቀፎውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በኢፖክሲ አጣብቀው፤ ከነካኸው በኋላም እጅህን ታጠብ።

አሁን ምልክቶቹን ተመልከት። ነጭ ሆድ፣ ነጭ ጎንና ግራጫ ጀርባ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከእ.ኤ.አ. 1943 አጋማሽ ጀምሮ በአትላንቲክ ላይ ለባሕር ሰርጓጅ አዳኞች ያዋለው ቀለም ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከታች ሆኖ ወደ ደመናማ ሰማይ ለሚያይ ሰው ማንኛውም አውሮፕላን ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታየዋል፣ ነጭ ግን ከባሕሩ የሚመጣውን ብርሃን ስለሚመልስ ዘግይቶ ነው የሚለየው። ስለዚህ የምትለጥፈው ኮከብ ከዘመኑ ጋር ይስማማ። በኮከቡ መሃል የነበረው ቀይ ነጥብ በግንቦት 1942 ወጥቷል። በጎንና ጎኑ ነጭ አግዳሚዎች የተጨመሩት በሰኔ 1943 መጨረሻ ሲሆን ዙሪያቸው ቀይ ነበር፤ በነሐሴ 1943 ቀዩ በሰማያዊ ተተካ። እነዚህ ወሮች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ቀይ ነጥብ ያለው ኮከብ በነጭ ካታሊና ላይ ከተለጠፈ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር የሚያውቅ ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይል ምልክት ልትለጥፍ ካሰብክም አብዛኞቹ የእነሱ ካታሊናዎች ጎማ የሌላቸው ስለነበሩ የጎማውን ጉድጓድ መድፈን ይኖርብሃል።

ወደ ነጩ እንመለስ። ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው የያዙት፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ሻካራነቱ የመጣው ቀለሙ አየር ላይ እያለ ስለደረቀ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል የቀለሙ ማቅጠኛ ፈሳሽ ቶሎ ይተናል። በበጋ ቀትር ላይ፣ ሙቀቱና ደረቁ አየር ሲጨመርበት፣ ከኤርብራሹ አፍ የወጣችው ጠብታ ፕላስቲኩ ላይ ስትደርስ ግማሽ ዱቄት ሆናለች። የውጭ መመሪያዎች ላይ ያለው የቅልቅል መጠን ብዙ ጊዜ ለዝቅተኛና እርጥብ አገር የተጻፈ ነው። መላጡ ደግሞ ቀለሙ መጀመሪያውኑ ስላልያዘ ነው፤ የተላጠውን ቦታ በጥፍርህ ሞክረው። ከሥሩ ንጹሕ አብረቅራቂ ፕላስቲክ ከታየ ክፍሎቹ አልታጠቡም ወይም ፕሪመር (ቀለም እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ መነሻ ሽፋን) አልተቀቡም ማለት ነው። ፋብሪካው ክፍሎቹ ከቅርጹ በቀላሉ እንዲወጡ የሚጠቀመው ቅባት በእጅ አይታወቅም፤ ቀለም ግን ያውቀዋል።

ስለዚህ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ለማስተካከል አትድከም፤ ሥሩ ያልያዘን ነገር ላዩን ማለስለስ ነው የሚሆነው። ሙሉ በሙሉ አንሳው። በመጀመሪያ የጎን መስታወቶቹን አውጣ። ሞዴሉን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልለህ ለአንድ ሰዓት በፍሪጁ የበረዶ ክፍል አስቀምጠው፤ ሱፐር ግሉ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰባበር የካተርህን ጫፍ በመገጣጠሚያው አስገብተህ ቀስ ብለህ ስትጠመዝዝ ይለቃል። ካልለቀቀ አታስገድደው፣ መልሰህ አቀዝቅዘው። ከዚያ፣ የቀባኸው አክሪሊክ ከሆነ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል በጥጥ አድርገህ ቀለሙ ላይ 10 ደቂቃ አቆየውና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍገው። ከሪቬቶቹ መሃል የሚቀረውን በስቴኪኒ ታወጣዋለህ። የመኪና ቲነርና አሴቶን ግን ከዚህ ሞዴል ይራቁ፤ ሁለቱም ሞዴሉ የተሠራበትን ፕላስቲክ (ፖሊስታይሪን) ራሱን ያሟሙታል። አልኮሉም መስታወቶቹን አይንካ፣ የተወጠረ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያመጣል።

ቀለሙ ከተነሳ ቀፎው ራቁቱን ነውና መገጣጠሚያውን አሁን መርምር። ሞዴሉን ወደ መስኮት አዙረህ ከአፍንጫው ወደ ጭራው በታችኛው ጠርዝ አግድም ተመልከት። ካታሊና ሆዷ ላይ ሁለት እርከኖች አሏት፤ ከውሃ ስትነሳ ውሃው ከሆዷ እንዲላቀቅ የሚያደርጉ ስብራቶች ናቸው። ግራና ቀኙ ግማሽ ቀፎ የሚገናኘው በነዚህ ላይ አልፎ ስለሆነ ክፍተት የሚበዛው ከፊተኛው እርከን ጀርባ ባለው ጥግ ነው። ለስንጥቁ የመኪና ስቱኮ ይሠራል፤ ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ባለሁለት ዓይነቱ ማለቴ ነው። እሱ አይሟሽሽም። ከቱቦ ወጥቶ ብቻውን የሚደርቀው ግን ለቀናት እየሟሸሸ ይሄዳል፣ አስተካክለህ ከቀባህ ከሳምንት በኋላ መስመሩ ተመልሶ ብቅ ይላል። የአተር ፍሬ የምታህል ስቱኮ አዘጋጅ፣ በስቴኪኒ ጥጉ ውስጥ ጥቂት ጥቂት አግባ፣ ሲደርቅ በ400፣ በ600፣ በ1000 ቅደም ተከተል በውሃ ፈግፍግ። የእርከኑ ስለት እንዳይሞት ብርጭቆ ወረቀቱን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ለጥፈህ ተጠቀም፤ በጣትህ ከፈገፈግክ ስለቱ ይከብብና እርከኑ የቀለጠ ሳሙና ይመስላል።

ቀጥሎ እጠበው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ላርጎ፣ ለስላሳ ብሩሽ። በንጹሕ ውሃ አለቅልቀህ በአየር ይድረቅ፣ በጨርቅ አትጥረገው። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትያዘው።

ፕሪመር ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ከቀለም ቤት አንቲረስት ገዝተው ነው። አንቲረስት ለብረት የተሠራ ነው፤ ውስጡ ያለው ቲነር ራቁት ፕላስቲክን ይበላል። የሞዴል ፕሪመር ካላገኘህ የመኪና ቀለም የሚሸጡ ቤቶች ለፓራውልት የሚሆን የፕላስቲክ ፕሪመር ይኖራቸዋል፤ መጀመሪያ ክፍሎቹ ተያይዘው በመጡበት ፍሬም ላይ ረጭተህ አንድ ቀን ጠብቅ። ፍሬሙ ካልለሰለሰ፣ ካልተሸበሸበ ቀፎው ላይ ተጠቀምበት። ቀለሙ ቀላል ግራጫ ይሁን። ግራጫው ያልታዩ ጭረቶችን ያጋልጣል፤ ነጩም ራቁት ፕላስቲክ ላይ ከሚሸፍነው ይልቅ እዚህ ላይ ቶሎ ይሸፍናል።

አሁን ነጭ። ንጹሕ ነጭ አትጠቀም። ይህች አውሮፕላን 31.7 ሜትር የነበረ ክንፏ ወደ 44 ሳንቲ ሜትር፣ 19.46 ሜትር የነበረ ርዝመቷ ወደ 27 ሳንቲ ሜትር ወርዷል፤ በዚህ መጠን ንጹሕ ነጭ የማጠቢያ ሳህን ያስመስላታል። ለ20 ጠብታ ነጭ 1 ጠብታ ቀላል ግራጫ ጨምር። ቅልቅሉ የወተት ያህል ይቅጠን፤ አንድ እጅ ቀለም ለአንድ እጅ ማቅጠኛ ጀምርና በብልቃጡ ግድግዳ ላይ ስታዘነብለው ስስ ሽፋን ትቶ ከወረደ ልክ ነው። መድረቅን የሚያዘገይ ፈሳሽ 2 ወይም 3 ጠብታ ለባሕር ዳር በጋ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። የኮምፕሬሰሩ ግፊት 1 ባር አካባቢ፣ ርቀቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር። እንደረጨኸው ወለሉ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ እርጥብ ሆኖ ማብረቅ አለበት። ሲያርፍ ወዲያው ደብዛዛ ከሆነ ሩቅ ነህ ወይም ቀለሙ ወፍራም ነው፤ እዚያው አቁም። አራት ወይም አምስት ስስ ሽፋን፣ በየመሃሉ 15 ደቂቃ። በሁለተኛው ሽፋን ላይ ግራጫው ገና እየታየ ስለሚሆን እጅህ ወፍራም ለመርጨት ይቸኩላል፤ ያኔ ታገሥ፣ ነጭ የሚሸፍነው በአራተኛው ነው።

ለማቅጠኛ ውሃ ካስፈለገህ ከነዳጅ ማደያ የባትሪ ውሃ ግዛ፤ ማዕድን ስለሌለበት ነጭ ላይ ነጠብጣብ አይተውም። መለያውን ግን በደንብ አንብብ፣ የባትሪ አሲድ በተመሳሳይ ጠርሙስ ይሸጣል።

ሰዓቱም ዋጋ አለው። ከጧቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀባ፤ አየሩ ቀዝቀዝ ያለና የረጋ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው መንፈስ ሲጀምር አቧራውን ይዞት ይነሳል። ማታ በመብራት አትቀባ፤ የሐይቁ ትንኝ መብራቱን ፍለጋ መጥቶ እርጥቡ ነጭ ላይ ይረግፋል። በክረምት ችግሩ ይገለበጣል፤ እርጥበቱ ሲበዛ በተለይ ደብዛዛው ቫርኒሽ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ያኔ ዝናቡ ያባራበትን ቀን ጠብቅ፣ የተቀባውንም ባለ40 ዋት አምፖል በበራበት ካርቶን ውስጥ አድርቀው። ካርቶኑ ውስጥ እጅህ ሙቀቱን ሳይከብደው መቆየት መቻል አለበት፣ ከዚያ ካለፈ ክንፍ ይጣመማል። መብራት መሃል ላይ ከጠፋብህ የጀመርከውን በብሩሽ ለመጨረስ አትሞክር፤ ኤርብራሹን ወዲያው እጠብ፣ ሽፋኑን መብራት ሲመጣ ትቀጥላለህ።

ስኮቹን ከመለጠፍህ በፊት ነጩ በበጋ 24 ሰዓት፣ በክረምት 48 ሰዓት ይቆይ። የወረቀት ስኮቹን መጀመሪያ ንጹሕ መስታወት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ለጥፈህ አንሳው፤ ጉልበቱ ይቀንሳል። ጠርዙን ካተምክ በኋላ በድንበሩ ላይ አንድ ስስ ሽፋን ራሱን ነጩን ርጭ፤ ቀለም ከሥር የሚሾልክ ከሆነ ነጩ ይሾልክና ቀዳዳውን ይዘጋዋል፣ ከላዩ የሚመጣው ግራጫ መግቢያ ያጣል። ስታነሳ ወደ ላይ አትሳብ፤ ስኮቹን በራሱ ላይ መልሰህ አጥፈህ ከወለሉ ጋር አስጠግተህ፣ ቀስ ብለህ ጎትት።

መስታወቶቹ ላይ ያየኸው ጉም የሱፐር ግሉ ትነት ነው፤ ሲደርቅ የሚወጣው እንፋሎት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል። በ2000 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ቀስ ብለህ ፈግፍግ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅና በተራ ነጭ የጥርስ ሳሙና በክብ በክብ አሽ፣ በመጨረሻም አብረቅራቂ አክሪሊክ ቫርኒሽ ውስጥ ነክረህ ጫፉን ወረቀት ላይ አስነክተህ ትርፉን አፍስስ። አቧራ እንዳይነካው ብርጭቆ ድፋበት። ስትመልሳቸው በኮላ ለጥፋቸው፤ ነጭ ሆኖ ይታይህና ሲደርቅ ይጠራል፣ የፈሰሰውም በእርጥብ ጥጥ ይነሳል። ካታሊናን ከሩቅ የሚያስለያት ይህ የዓይን እብጠት የመሰለ መስታወት ነው፤ ጊዜህን እዚህ ላይ አውጣ።

ክንፉ ከቀለም በኋላ ይገጠም። የካታሊና ክንፍ በመሃል ባለ አንድ አንገትና በየጎኑ ሁለት ሁለት ድጋፍ ዘንጎች ላይ ከቀፎው በላይ ይንሳፈፋል፤ አንገቱ ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር መዘንበል ጫፉ ላይ ብዙ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቀፎውን ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርገህ አስቀምጥ፣ ከክንፉ ጫፎች ሥር እኩል ቁመት ያላቸው የክብሪት ሣጥኖች ደርድር። በየጫፉ ከጠረጴዛው ያለውን ከፍታ በማስመሪያ ለካ፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ ጫፍ እስከ ጭራው አናት በክር ለካ። ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ካለፈ ሙጫው ሳይደርቅ አስተካክል። ድጋፍ ዘንጎቹ የሚለጠፉት አንገቱ ሌሊቱን ካደረ በኋላ ነው።

ሞተሮቹ ሁለት ረድፍ፣ 14 ሲሊንደር ያላቸው ትዊን ዋስፕ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ የጀመረባቸው ሲ-47 ዳኮታዎችም የሚበሩት በዚሁ ሞተር ስለነበር የዳኮታ ሞተር ቅርብ ፎቶ ካገኘህ ለቀለሙ ያገለግልሃል፤ ሲሊንደሮቹ ጥቁር ብረት፣ የፊተኛው ሽፋን ግራጫ።

ለእርጅናው እጅህን ሰብስብ። በ1፡72 የ1 ሚሊ ሜትር ልጣጭ በእውነተኛዋ ላይ 7 ሳንቲ ሜትር ነው። የክንፉ የኋላ ክፍልና መቆጣጠሪያዎቹ በሸራ የተለበጡ ስለነበሩ እዚያ ላይ ብረት የሚያሳይ ልጣጭ ፈጽሞ አትሥራ፤ ትንሽ ፈዘዝ አድርጋቸው ብቻ። ጭስ ከሞተሮቹ ኋላ በክንፉ ላይ። የውሃ ልክ ምልክት ለማየት ሩቅ አትሂድ፤ ወደ ገዳማቱ የሚያመላልሱት ነጫጭ ጀልባዎች ጎን ላይ፣ ውሃው የሚደርስበት ቦታ ያለውን ቡናማ መስመር ተመልከት። ከላይ ስል ሆኖ አይጀምርም፣ ወደ ታች እየጠቆረ ይሄዳል፣ ነጠብጣቡ በአቀባዊ ይወርዳል። ያንኑ በአርቲስት ዘይት ቀለምና በአኳራጅ አቅጥነህ፣ ከአብረቅራቂ ቫርኒሽ በላይ ሥራ። ላምባ አትጠቀም፣ ቅባቱ አይደርቅም።

መደቡ ላይ ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ፎም ውሰድ፣ የቀፎውን ቅርጽ አስምረህ ቆርጠህ አውጣ። ጥልቀቱን ተንሳፋፊዎቹ ይነግሩሃል፤ ካታሊና በረጋ ውሃ ስትተኛ እነሱ ውሃውን ይነካሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም ወደ አንዱ ጎን ጥቂት አዘንብላ አንዱ ይጠልቃል። ፎሙን በሶፍትና በውሃ በቀጠነ ኮላ ሁለት ሦስት ጊዜ ሸፍነው፣ እርጥብ እያለ በብሩሽ ጫፍ ሞገዱን ቀስቅሰው። 30 ሳንቲ ሜትር ሞገድ እዚህ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ ካስበለጥክ አውሮፕላኗ መጫወቻ ትመስላለች። የታሰረች በራሪ ጀልባ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ታዞራለች፣ ስለዚህ ሞገዱ ከፊቷ ይምጣ። ቀለሙ ለአትላንቲክ ግራጫ አረንጓዴ ይሁን። ጣና ላይ ላስቀምጣት ካልክ ግን ትዕይንቱ የሐሳብ መሆኑን መደቡ ላይ ጻፍ፤ ውሃውንም ርብና ጉማራ በክረምት ይዘውት እንደሚገቡት ደለል ቡናማ አድርገው፣ የ5 ሜትር የደንገል ታንኳ ብታክልበት 7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሲደርቅ አብረቅራቂ ቫርኒሽ በስሱ አምስት ስድስት ጊዜ ቀባው።

የአንቴና ሽቦዎቹ የመጨረሻ ናቸው። ቀጭን የመረብ ክር 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ በዚህ ሚዛን 14 ሚሊ ሜትር ገመድ ነውና ለአንቴና አይሆንም፤ ከፍሬሙ ቁራጭ ቆርጠህ ከሻማ ነበልባል 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ አሙቀው፣ ማብረቅ ሲጀምር ከእሳቱ አርቀህ ዝግ ብለህ ሳበው፣ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። የመረቡን ክር ግን አትጣል፤ ከአፍንጫዋ ወደ መልሕቅ ምልክቷ (ውሃ ላይ ተንሳፎ ወደምትታሰርበት) ለሚሄደው ገመድ ልኩ እሱ ነው።